ሚዛን ላይ የወጣው ክኒን

ከገበያው ጀርባ፣ የቆርቆሮ ሱቆች ትከሻ ለትከሻ በተደረደሩበት ጠባብ መንገድ ላይ፣ ሚዛን የሚጠግን አንድ ሰው ይኖራል። ሥጋ ሻጩም፣ እህል ነጋዴውም፣ ወርቅ ሠሪውም ሚዛናቸው ባበደ ቁጥር ተሸክመው የሚመጡት እሱ ዘንድ ነው። ሰፈሩ «አባ ጠርጥር» ይለዋል። ስሙ በከንቱ የወጣለት አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሚዛን ሆድ ዕቃ ሲፈታ የኖረ ሰው ምን ያላየው ጉድ አለ? ከሳህኑ ሥር የተለጠፈ ብረት አይቷል፤ በሞረድ ተፍቆ የሳሳ የሚዛን ድንጋይ አይቷል፤ በቀጭን ሽቦ ተጠፍሮ እንዳይወርድ የተደረገ ክንድ አይቷል። ይህን ሁሉ ያደረጉት ደግሞ ደጁ ላይ ቆመው «እንደምን ዋልክ ወንድሜ» የሚሉት ፈገግተኞች ናቸው። ስለዚህ ዳቦ ሲገዛ እንኳ በመዳፉ ከፍ ዝቅ ሳያደርግ ከሱቅ አይወጣም።

ይህ ሰው ባለፈው ዓመት ሐዘን ሳይደርስበት፣ ኪሳራ ሳያገኘው ድብርት ጣለው። ካቻቢቴውን ይዞ ሱቁ ውስጥ ፈዞ ይውላል፤ ያልተጠገኑ ሚዛኖች ግን እስከ በሩ ተከምረዋል። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ፣ ጨዋታ የለ። ሚስቱ ሆቴል ውስጥ አንሶላ በካውያ ስትተኩስ የምትውል ሴት ናት። አንድ ቀን ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ፣ እጁን ይዛ፣ እየተነጫነጨ ክሊኒክ ወሰደችው።

ሐኪሙ ሰርትራሊን የሚባል መድኃኒት አዘዘለት፤ ጠዋት ጠዋት አንዲት ክኒን። «ዛሬ ውጠው ነገ አይዘፍኑም፤ ሳምንታት ይፈልጋል» አለው። «በራስዎ እንዳይጨምሩ፣ በራስዎ እንዳይቀንሱ፣ ተሻለኝ ብለውም በራስዎ እንዳያቆሙ።» አባ ጠርጥር ሐኪሙንም፣ ክኒኑንም፣ ውሃውንም ጠረጠረ፤ ግን ዋጠ። ቀስ በቀስ ሰውነቱ ተመለሰ። ሚዛኖቹ እየተጠገኑ መውጣት ጀመሩ። አንድ ምሳ ላይ በራሱ ቀልድ ሲስቅ ሚስቱ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ አለቀሰች።

ሁሉም ነገር የተበላሸው የመድኃኒቱ ካርቶን የተለወጠ ዕለት ነው።

«አባባ፣ የቀድሞው አልመጣም» አለችው የመድኃኒት ቤቷ ልጅ። «ይሄ የሌላ ፋብሪካ ነው እንጂ መድኃኒቱ ያው ነው። መጠኑም ያው ሃምሳ ሚሊግራም ነው። ጠዋት አንዲት።»

እሱ ስንት ነጋዴ «ያው ነው» ሲለው ሰምቷል! ካርቶኑን ይዞ ሱቁ ገባና በሩን ዘጋ። ለመፈተሻ የሚያስቀምጠውን የራሱን የወርቅ ሚዛን አወጣ። ከአሮጌው ካርቶን የተረፈችውን ክኒን በአንዱ ሳህን፣ አዲሷን በሌላው አኖረ። የአሮጌዋ ሳህን ዝቅ ብላ ተቀመጠች። አንዲት አዲስ ጨመረ፤ ክንዱ እየተንገዳገደ ሄዶ ልክ መሃል ላይ ቆመ።

«አገኘኋችሁ!» አለ፤ በብዙ ወራት ውስጥ እንዲህ ተደስቶ አያውቅም።

አጭበርባሪ ሲይዝ መጮህ ልማዱ አይደለም፤ ዝም ብሎ ማስተካከል ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሁለት ክኒን ይውጥ ጀመር። ለማንም አልተናገረም። ለሚስቱም ቢሆን አልነገራት፤ ከዚያች የመድኃኒት ቤት ልጅ ጋር ስትሳሳቅ አንድ ሁለቴ አይቷታላ።

እንግዲህ በገዛ እጁ የታዘዘለትን እጥፍ እየዋጠ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። በቀዝቃዛው ጠዋት ላብ ያጠምቀዋል፤ ሆዱ አልረጋም፤ ልቡ ይደልቃል፤ እግሩ አንድ ቦታ አርፎ አይቀመጥም። የመድኃኒቱን መጠን እሱ ራሱ መዝኖ አስተካክሏል፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከዚያ ሊሆን አይችልም። ታዲያ ከየት ነው? ሚስቱ ጠዋት ጠዋት «ክኒንህን ወሰድክ?» ትለዋለች። ምን አገባት? ማታ ሾርባ አቅርባለት እሷ አትበላም፤ «ሆቴል በልቻለሁ» ትላለች። በየቀኑ? ሾርባውን አሸተተ፤ በማንኪያ ገላበጠው። መንቀጥቀጡ ሲብስበት ደግሞ «ይሄ ክኒን አሁንም ይጎድለዋል» ብሎ ማታ ማታ አንዲት ጨመረ።

ያገባች ልጃቸው ልትጠይቃቸው በመጣች ቀን ነገሩ ፈነዳ። ማንኪያው ከእጁ ወድቆ ሾርባው ጠረጴዛው ላይ ተረጨ።

«ምን እየጨመርሽበት ነው?» አላት ሚስቱን።

«በምኑ ላይ?»

«በምበላው! ምን ዓይነት መርዝ ነው የምትግቺኝ?»

«አባዬ!» አለች ልጅቷ።

ሚስቱ ሳህኑን በሁለት እጇ አነሳች፣ ቆማ የቀረውን ሾርባ እስከ ታች ጠጣችው፣ አፏን ጠረገች። ከዚያ ሹራቧን ከምስማሩ አውርዳ ከልጇ ጋር ወጣች። እሱ ሲደነፋ ቀረ።

ከዚያ በኋላ እንቁላሉን ራሱ ቀቀለ፣ ሻዩን ራሱ አፈላ። ማንም ያልነካው ምግብ እየበላም መንቀጥቀጡ ባሰበት። ወርቅ ሠሪው ሊጠገን የሰጠውን ሚዛን ሊወስድ መጥቶ፣ ያቺ ስንዴ የምታክል ብሎን ከጣቱ ስትወድቅ ሲያይ «አንተ ሰውዬ፣ ደህናም አይደለህ» አለና ሚዛኑን ሳይጠገን ይዞት ሄደ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። መርዙ ከሚስቱ ምግብ ነው ማለቱን ትንሽ ተጠራጠረው፤ ራሱን ግን አልጠረጠረም። ሌባዋ ያቺ የመድኃኒት ቤት ልጅ ናት ብሎ የራሱን የወርቅ ሚዛን አቅፎ ሄደባት።

«ነይ እይ!» አለና ክኒኖቹን መዘነላት። «አንዱ የአንዱ ግማሽ ነው። ሰው በጤናው ይጭበረበራል?»

ልጅቷ አልሳቀችም፤ የተመለከተችው እጁን ነው። «አባባ፣ በቀን ስንት ነው የሚውጡት?»

«ጠዋት ሁለት፣ ማታ አንድ» አለ ኮራ ብሎ።

ፊቷ ተለወጠ። «ክኒኑ ውስጥ ያለው መድኃኒት እኮ ትንሽ ነው። የቀረው ስታርች ምናምን ነው፤ ክኒኑ እንዲጠነክር፣ በጣትም እንዲያዝ ብለው የሚጨምሩት። ይሄኛው ፋብሪካ ያሳነሰው እሱን ነው። መድኃኒቱ በሁለቱም ሃምሳ ነው። እርስዎ የታዘዘልዎትን ሦስት እጥፍ ነው የሚወስዱት።» ሌላ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችው፤ የለም አለ። ባንኮኒውን ለጓደኛዋ ትታ ራሷ ክሊኒክ አደረሰችው።

ሐኪሙ መርምሮት፣ ሲከታተለው ውሎ፣ ወደ አንዲቷ ክኒን መለሰው። በንዴት መድኃኒቱን ጭራሽ እንዳይተወውም አስጠነቀቀው። ሊወጣ ሲል «ለጊዜው ከቤት የሚያምኑት ሰው ይዞ ጠዋት ጠዋት ይስጥዎ» አለው።

«ሚስቴ ትሰጠኛለች» አለ፤ ቃሉ ሳያስብበት ነበር ከአፉ የወጣው።

እጁ ረገብ ሲልለት ልጁ ቤት ሄደ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። ደጃፉ ላይ እንደቆመ ሁሉንም ነገራት፤ ሚዛኑን፣ ስታርቹን፣ ሦስት እጥፉን። «ክኒኑ ነው እንዲህ ያደረገኝ» አለ በመጨረሻ። አሳፍሮታል፤ ግን ቀሎታልም።

«እጅህን ያንቀጠቀጠው ክኒኑ ነው፤ አምኜሃለሁ» አለች። «እኔን በልጄ ፊት መርዘኛ ያለኝ ግን ክኒኑ አይደለም። ክኒን በማታውቅበት ዘመንም ከሥራ ስመለስ ቦርሳዬን በዓይንህ ትመዝን ነበር።»

ካርቶኑን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። «ሐኪሙ የምታምነው ሰው ይስጥህ ብሎኛል። አንቺ ያዥልኝ።»

ካርቶኑን አየችው። «ወደ ቤቴስ እመለሳለሁ፤ ቤቴ ነው። ይሄን ግን አልይዝም። ነገ ራስህን ቢያምህ መጀመሪያ የምታየው የማንን እጅ ነው?»

«የማንንም» ሊል አፉን ከፈተ። ግን ውሸት ይሆናል፤ ራሱን ያውቃላ። ካርቶኑን እንደዘረጋ ከእናቷ ኋላ የቆመችውን ልጁን አያት፤ «አንቺስ?» እንደማለት። እሷም እጇን አልዘረጋችም።