የወንድሜ ድምፅ በምርጫው ሰሞን

ሚኒባሱ ሲሪንቃ ላይ መንገደኛ ሊያወርድ ሲቆም የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ የሀብሩ ሰዎች!» አለ፤ እንደ ልማዱ ሁለቱንም ሰላምታ አከታትሎ፣ የወረዳችንን ስም ጠርቶ። አናቱ ላይ ድምፅ ማጉያ ያሰረ ባጃጅ በጎናችን አለፈ። «የምርጫ ካርድዎን ወስደዋል? ነገ ዛሬ ሳይሉ...» የሚለው ወደ ወልድያ አቅጣጫ እየራቀ ጠፋ።

ወንድሜ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ጦርነቱ ወደ እኛ በደረሰበት ክረምት ደረቱን ታሞ፣ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ሐኪም ቤት ሳናደርሰው ቤት ውስጥ ነው ያረፈው።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አሉኝ። ምንም አልሆንኩም አልኳቸው።

የማስተምረው ወልድያ ነው፤ ቅዳሜና እሑድን መርሳ እናቴ ጋ አሳልፋለሁ። መንገዱን ሙሉ እያሰብኩ የድምፁ ነገር ገባኝ። ወንድሜ ድምፀ መረዋ ስለነበር ሠርግም ስብሰባም ላይ ማይክ የሚሰጠው ለእሱ ነበር። ባለፈው ምርጫ ካርድ ውሰዱ የሚለውን የሕዝብ ጥሪ አስቀርጸውት ነበር። የሆነ ሰው ያንን ቅጂ አውጥቶታል ማለት ነው። ነገሩ ገባኝ እንጂ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

እናቴ በራችን ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ «ወንድምሽ አሁን በዚህ አለፈ» አለች፤ ለጉዳይ ወጣ ብሎ እንደሚመለስ ሰው። በዚያ የመርሳ ሙቀት ሰውነቴን በረደኝ።

ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላት እንደተሰገደ ባጃጁ ተመለሰ። ገና ከሩቅ ሲሰማ ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጠፋ። ሽንኩርት ሻጯ ሚዛኗን እንደያዘች ቀረች። ሁሉም ያውቁት ነበር፤ አብረው አድገዋል፣ ቀብረውታልም። «አሰላሙ አለይኩም» ሲል ሰፈሩ ዝግ ባለ ድምፅ «ወአለይኩሙ ሰላም» ብሎ መለሰለት። ጥሪው መሐል ላይ ወንድሜ ሁለቴ ያስላል። የቀረጹት ሰዎች ሳይቆርጡት የቀረ ሳል ነው። ሳሉን ስትሰማ እናቴ የገዛ ደረቷን በእጇ ያዘች።

በማግሥቱ የካርድ ቅስቀሳውን ወደሚያስተባብረው ሰው ሄድኩ። ከሌላ አካባቢ የመጣ ወጣት ነው፤ ማናችንንም አያውቅም።

«እህቴ፣ አዲስ ለማስቀረጽ በጀት የለም» አለኝ። «አገሩ በብድር ተይዟል፣ አበዳሪዎቹም ወጪ ቀንሱ ብለዋል እየተባለ ከላይ የተቆረጠው ሁሉ እኛ ጋ ደርሷል። ወረቀት እንኳ የምንገዛበት አጥተናል። ይሄን ከድሮው ዕቃ ውስጥ አገኘነው፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው።»

«የሞተ ሰው ድምፅ ነው» አልኩት። «የወንድሜ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ከመቀመጫው ተነሥቶ «ነፍስ ይማር፤ ወላሂ አላወቅንም። ዛሬውኑ ይቆማል» አለ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። «ማን አስቁሚልኝ አለሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። «ልጄን ሁለተኛ ልትቀብሪብኝ ነው?» እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። እየሮጥኩ ተመልሼ ተዉት፣ ይቀጥል አልኩ። ሰውየው ግራ ገብቶት አየኝ፤ ግን እሺ አለ።

እናቴ ካርዷን ወሰደች። ከዚያ በፊት ምርጫ የሚባል ነገር አይነካካትም ነበር። በየቀኑ አስር ሰግዳ በር ላይ ትቀመጣለች፤ ሲያልፍ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዱዓ ታደርጋለች ብዬ አልጠየቅኋትም።

ቅስቀሳው የሚያበቃበት ቀን እኔም አጠገቧ ቆሜ ነበር። ባጃጁ መጣ፣ ሰላምታው ተሰማ፣ ሰፈሩ መለሰ። ሳሉ የሚመጣበት ቦታ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። አላሳለም። ቃሉን ሳያቋርጥ ጥሪውን ጨርሶ አለፈ።

ባጃጁን ተከትዬ ሮጥኩ። ሹፌሩን አስቁሜ፣ «ቀየራችሁት እንዴ?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሳሉን። ቆረጣችሁት?»

ሹፌሩ ትክ ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ ከሰጡኝ ጀምሮ አልነካሁትም። ደግሞ የምን ሳል?»

ስመለስ እናቴ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ። «ዛሬ ሳሉ ለቆታል፤ አልሐምዱሊላህ» አለች።

የምርጫው ቀን ትምህርት ቤቱ ግቢ በማለዳ ሞላ። ሰልፉ ላይ የሚወራው የዘይትና የማዳበሪያ ዋጋ ነው። ከፊታችን የቆሙ ሽማግሌ ገበሬ፣ «የተበደረው ሌላ፣ ከሌማቱ የሚቀነስበት እኛ» አሉ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዙ ከወር አጋማሽ እንደማያልፍ እየሳቀ ተናገረ፤ የሳቀለት ግን አልነበረም። ማንም ቢመረጥ ያው ነው የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። እናቴ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ተራዋ ሲደርስ ብቻዋን ገባች።

ብዙ ቆየች። አስመራጩ ሊረዳት ይሆን እያልኩ ስጨነቅ፣ አውራ ጣቷ በቀለም ጠቁሮ ወጣች። መንገድ ከጀመርን በኋላ አላስችል ብሎኝ «ማንን መረጥሽ፣ እማ?» አልኳት።

«እሱ ያለኝን።»

«እሱ እኮ ካርድ ውሰዱ ነው ያለው። ማንን እንደምትመርጡ አልተናገረም።»

ቆም ብላ አየችኝ። ቁጣ የለባትም፤ የምታዝንልኝ ነው የምትመስለው።

«ላንቺ አልነገረሽም ይሆናል» አለችና፣ ሻርፗን አስተካክላ ቀድማኝ ሄደች።