ሰገረ መስሎኝ

የአጎቴን ፈረስ እግር ያሳመምሁት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ከአንበሳሜ ከአጎቴ ቤት ተነሥቼ ሳይመሽ ባሕር ዳር ልገባ ነበር። ለዚህ ረጅም መንገድ ብዙ ቅዳሜ ተለማምደናል፤ ከሰው ጋር ከመዋል ከፈረሱ ጋር መዋል ይቀለኝ ነበር። መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ አካሄዱ ድንገት ለሰለሰ። ሶምሶማው ሁልጊዜ ኮርቻው ላይ ያነጥረኝ ነበር፤ አሁን ግን በብርጭቆ ውኃ ብይዝ የሚፈስ አይመስልም። በእኛ አገር ፈረስ እንዲህ ሲሄድ «ሰገረ» ይባላል፤ ሰጋር ፈረስ የጌታው ኩራት ነው። አንድ ገበሬ ከማሳው ሆኖ «አቤት አሰጋገር! እቴ፣ ማን አሠለጠነልሽ?» ሲል አፍሬ አለፍሁ። በሆዴ ግን «እኔ ነኛ» አልሁ፤ ሁለት ሰዓትም እንዲሁ ጋለብሁት።

ባሕር ዳር ደርሼ ስወርድ የፊት ግራ እግሩ ጅማት አብጦ ይፋጃል። ለካ መስገሩ አልነበረም፤ አሞት ለእግሩ እየሳሳ እርምጃውን አሳጥሮ ኖሯል።

ለአጎቴ በስልክ «ድንጋይ አደናቀፈው» አልኋቸው።

«እስከ ገና ካልሻረው ለባለጋሪ እሸጠዋለሁ» አሉኝ።

የእንስሳት ሐኪሙ ዕረፍትና ቀዝቃዛ ውኃ አዘዘለት፤ ሲሻለው በእጅ እየሳብሁ እንዳራምደውም ነገረኝ። ከሥራ በፊት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ጣና ዳር ወስጄ ውኃው ውስጥ አቆመው ነበር። ጫማዬን አውልቄ አብሬው እቆማለሁ። አጥማጆች በታንኳ ሲያልፉ «ፈረሱ ዛሬስ ዓሣ ያዘ?» ይሉኛል፤ ፈገግ እላለሁ። የምሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻዬን ስለሆነ፣ አንዳንድ ቀን እስከ ማታ ከአፌ የሚወጣው ቃል ለእሱ ያልሁት «ቁም» ብቻ ነበር።

ለገና አጎቴ መጡ። ፈረሱን እየሳብሁ በጠንካራው መሬት ላይ ሮጥሁ።

«ድኗል! በይ ጫኝው፣ ጋልቤው እገባለሁ።»

ቀጥ ብሎ ሲሄድ ለእኔም የዳነ መስሎኝ ነበር። ሳዞረው ግን ኮቴው ተሰማኝ፤ ሦስቱ ጠንከር፣ አንዱ ቀለል። የአጎቴ ጆሮ ደከም ብሏል። ዝም ብል ፈረሱ ከጋሪ ይተርፋል፤ አንበሳሜ ሳይደርስ ግን ጅማቱ ይበጠሳል።

«አጎቴ፣ አይጋልቡት» አልሁ። «አልዳነም። ድንጋይም አልመታውም። ሲያነክስ ሰገረ ብዬ የጋለብሁት እኔ ነኝ።»

«ሰገረ አልሽ?»

«አዎ።»

«ተምረሽ ተምረሽ!»

ጎንበስ ብለው ጅማቱን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት።

«በዚህ እግሩ ጋሪ ከጎተተማ ያልቅለታል። በቃ፣ ከደጄ ሣሩን ይጋጥ» አሉና ገመዱን ከእጄ ወሰዱ። «ሁለት ቀን ቢፈጅም ቀስ ብለን እንገባለን። ኮርቻውን በሚኒባስ ላኪልኝ።»

«ልከተልዎት?»

«ሥራሽን ሥሪ።»

በማግስቱ ኮርቻውን ተሸክሜ መናኸሪያ ሄድሁ። ሾፌሩ ተቀብሎ ወዲያ ወዲህ አየ።

«ፈረሱስ?»

«በእግሩ ሄደ» አልሁት።