ማኅደሩ የያዘው ጉርድ ፎቶ

ሰሞኑን፣ ልጄ ካገባች በኋላ ቤት ትታው የሄደችውን ኮምፒውተር በነጠላ ጠቅልዬ ነቀምቴ መሃል ካለችው ጥገና ቤት ወሰድኩ። የሠርጓ ፎቶዎች ውስጡ ናቸው፤ መኖራቸው ይታያል፣ ልክፈት ሲሉት ግን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጽፎ እምቢ ይላል። ጠጋኟ ቦንቱ አነበበችልኝ።

"ፈቃድ የለዎትም ነው የሚለው፣ አዴ።"

"በገዛ ቤቴ?"

"ባለቤቷ ልጅዎት ናት ብሎ ነው የሚያውቀው። አሁን ወደ እርስዎ ስም አዞረዋለሁ።"

ትንሽ ነካካችውና ተከፈተ። ይኸው ነው። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ቀዘቀዘ። እንዲህ በቀላሉ ያልተከፈተ ሌላ ፋይል አውቃለሁና።

ጊዜው ደርግ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ፣ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ባለችው ጉቴ ያስተምር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጫማው ላይ የጉቴን ቀይ ጭቃ ይዞ ይመጣና እማዬ እየጮኸችበት እሸት በቆሎ እየፈለፈለ ይስቅ ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ በክረምት፣ ገና ሳይነጋ፣ ጎረቤቶቻችን በራችን ላይ ተሰብስበው መርዶውን ነገሩን። እኔ ምንም አልተሰማኝም። የዕድሩ ድንኳን ሲተከል ካስማ አቀበልኩ። ንፍሮ አደልኩ። ሰዎች "ዋቅኒ ሃ ጀጀቤሱ" ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እያሉ ሲያጽናኑኝ አሜን እላለሁ፤ ሌላ ሰው የሞተበት ቤት ያለሁ ይመስለኛል።

እማዬም አላለቀሰችም። ሠልስቱ አልፎ ዕድሩ ድንኳኑን ሊያነሳ ሲመጣ፣ "አስከሬን አልሰጣችሁኝ። ፊቱን እንኳ ሳላይ በምን አልቅሼ ልነሳ? ድንኳኑ አይነሳም!" አለች። ደረጀ ደግሞ ፎቶ መነሳት የማይወድ ሰው ነበር። ያለችው አንዲት ጉርድ ፎቶ፣ ሲቀጠር ያስገባት፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በያዘው ማኅደሩ ላይ የተለጠፈችው ብቻ ናት።

ዝናቡ እየወረደ ፎቶዋን ልለምን ሄድኩ። መዝገብ ቤቱን የሚጠብቁት ኦቦ ፉፋ ወንድሜን ያውቁታል፤ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

"ማኅደር የሚወጣው ባለቤቱ ሲያመለክት ነው፣ ልጄ።"

"ባለቤቱ ሞቷል እኮ፣ ኦቦ።"

"መሞቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ማኅደሩ ውስጥ ካልገባ፣ እኛ ዘንድ በሕይወት አለ።"

"ደብዳቤው ገብቶስ እንደሆነ?"

"እሱን ለማየት ማኅደሩን መክፈት አለብኝ።"

እየቀለዱብኝ አልነበረም። ማኅደሮቹ የተቆለፉበት ያ የብረት ሳጥን አስቀናኝ፤ ደረጀ እሱ ውስጥ ገና አልሞተም።

ለእማዬ ስነግራት ጫማዋን ሳታደርግ ተነሳች። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። እሷ ስትወጣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተነስቶ ተከተላት፤ ሽማግሌው፣ ባልቴቱ፣ ፎቶ ቤት ያለው ጋሽ ሸምሱ ሳይቀር። አንዷ ጎረቤታችን የንፍሮውን ሰፌድ እንኳ አላስቀመጠችም። መሥሪያ ቤቱ ግቢ ስንደርስ እማዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ሁሉም እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠና ንፍሮው ይዞር ጀመር።

ኃላፊው ካኪውን እየቆለፈ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምንድን ነው ይሄ? ሰልፍ ነው? ማን ፈቅዶላችሁ?"

"ለቅሶ ነው፣ ጓድ" አሉ ኦቦ ፉፋ ከኋላው። ይህን ብለው እሳቸውም ወረዱና ከሰፌዱ ዘግነው ከሰዉ ጋር ተቀመጡ።

"አንተ ደግሞ ወዴት ነው? የሥራ ሰዓት ነው እኮ!"

"ለቅሶ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ጓድ።"

ኃላፊው ሰዉን አየ፣ በሩን አየ። ይህን ያህል ሰው ግቢው ውስጥ ተቀምጦ የበላይ ቢመጣበት ምን እንደሚል ያሰበ ይመስለኛል። በመጨረሻ፣ "ማኅደሩ ይታይ። ፎቶዋ ግን ከዚህ ግቢ አትወጣም" አለ።

ጋሽ ሸምሱ ካሜራውን ሊያመጣ ሮጠ። ኦቦ ፉፋ ማኅደሩን በሁለት እጃቸው ይዘው እማዬ ጉልበት ላይ ዘረጉት። ደረጀ ኮስተር ብሏል። ፎቶዋ እንዳትነቀል የተመታባት ክብ ማኅተም ግማሹ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ ጉንጩ ላይ አርፏል። እማዬ አየችው፣ አየችው፤ ከዚያ ያ ሁሉ ቀን የት እንደነበረ የማላውቀው ጩኸት ከውስጧ ወጣ። ግቢው ሁሉ አብሯት አለቀሰ። እኔ ፎቶዋ እንዳትረጥብ ነጠላዬን ዘርግቼ ቆሜ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ፎቶዋን እዚያው በካሜራው አነሳት፤ አጥቦ አሳድጎ ሲያመጣም፣ "እቴቴ፣ ማኅተሙን በብሩሽ ላጥፋልሽ" አላት። "ተወው! ጉንጩን አብረህ ታጠፋብኛለህ" አለችው። በማግስቱ ድንኳኑ ተነሳ።

እማዬ ካረፈች ወዲህ ፎቶው እኔ ቤት ነው። ደረጀ ዛሬ በዕድሜ ከልጄም ያንሳል፤ ታላቄ የነበረው ሰው ልጅ ሆኖብኛል። ያኔ ያልመጣው እንባ ዛሬም አልመጣም፤ መጠበቁንም ትቻለሁ። አቧራውን ስጠርግለት ብቻ፣ ጨርቁ ማኅተሙ ጋ ሲደርስ እጄ በራሱ ይለሰልሳል። የሚያመው ይመስለኛል።