ጀርባውን ያየሁበት ፍል ውሃ

ጃፓን ድረስ ሄደህ ከማታውቃቸው ሽማግሌዎች ጋር ራቁትህን ውሃ ውስጥ ትዘፈቃለህ ያለኝ ሰው ቢኖር፣ “ሂድ ወዲያ!” ነበር የምለው። ጆሃንስበርግ፣ ጀፕ ሰፈር ላለው ሱቄ ያገለገሉ የመኪና ሞተሮች ልገዛ ሄጄ ያረፍኩባት የገጠር ማደሪያ ግን ክፍሎቿ ሻወር የላቸውም። ያለው አንድ የጋራ ፍል ውሃ ነው፤ ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቷ በሌላ በኩል፣ ሁሉም እንደተወለደ።

አብሮኝ የሄደው የታላቅ እህቴ ባል ነው። ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ሆሳዕና መካኒክ ስለነበር፣ እሱ ያላየውን ሞተር አልገዛም። “ቅድሚያ አንተ ግባ” አለኝ። ገባኝ። በእኛ ዘንድ አማች ፊት መራቆት ቀርቶ በካናቴራ መቀመጥም ያሳፍራል። “እሺ ጋሼ፣ እንዳልክ” ብዬ እየሳቅኩ ገባሁ።

መጀመሪያ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው በባልዲ ይታጠባሉ፣ ከዚያ ወደ ገንዳው። ውሃው ይፋጃል። እዚያ ሆኜ የማስበው እህቴን ነበር። በቅርቡ ከነልጆቿ ከአገር ቤት ጆሃንስበርግ ልትመጣ ነው፤ የሚኖሩት ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል። ሱቁ አምና በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሳ ረብሻ ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው። ባሏ ግን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ “እሳቱ ሲነሳ ጌታ ቀድሞ አስወጥቶኝ ነበር” ብሎ ሲመሰክር ሃሌ ሉያ ብለን አጨበጨብን። እሱን ሰምቼ ነው ትምጣ ያልኩት።

ወጥቼ ከለበስኩ በኋላ እሱ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ባልዲ ሲወድቅ ሰማሁ። ወደቀ ብዬ ነውሩንም ረስቼ ሮጥኩ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጧል፤ ግራ እጁ ከትከሻው በላይ አልነሳ ብሎታል። አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ባልዲውን አንስቶ ቀስ እያለ ያፈስለታል። ጀርባው፣ ወይኔ! ከአንገቱ እስከ ወገቡ የተጨማደደ ላስቲክ ነው የሚመስለው።

“ጋሼ! ምንድን ነው ይሄ?”

“ዙርልኝ፣ አትየኝ።”

አልዞርኩም። በመጨረሻ፣ “ከውጭ ቆለፉብኝ” አለ። “ጠዋት ጠዋት ሳውቦና ብለው ሰላም እያሉኝ ዳቦ የሚገዙኝ ልጆች።”

“ከእሳቱ በኋላ ደርባን ዕቃ ስጠብቅ ከረምኩ ያልከንስ?”

“ሆስፒታል ነበርኩ።”

ደሜ ፈላ። ዋሽቶ እህቴን እሳት ውስጥ ሊከታት! ፎጣውን ወርውሬለት ወጣሁና ለእህቴ ስልክ ደወልኩ። “እዚያ ሱቅ እግርሽ አይረግጥም! ባልሽ ሲዋሽሽ ነው የከረመው፣ ጀርባው ተቃጥሎ አልቋል!” እያልኩ ጮኽኩባት።

“ውይ ወንድሜ፣ አንተ ገና ዛሬ አየኸው?” አለችኝ። “እኔ ከሆስፒታል ጀምሮ በቪዲዮ ሳየው ነው የኖርኩት። ለማንም አትናገር ያልኩት እኔ ነኝ፣ ታስቀሩኛላችሁ ብዬ። ሸሚዙን ማን ያልብሰው? እናንተማ ያላችሁት እዚያው ነው፤ ማናችሁ አያችሁት?”

ከጀፕ ሶዌቶ እኮ ታክሲ ተይዞ የሚደረስበት ነው።

መጣች። ከኤርፖርት ተቀብዬ፣ ከነልጆቿ እዚያች ክፍል ያስገባኋት እኔው ነኝ።