የአምና ዘንባባ

ነገ የአመድ ረቡዕ፣ የጾሙ መግቢያ ነው። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሽማግሌው ፊንታን በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ምእመናኑ የአምናውን የሆሳዕና ዘንባባ እግሩ ሥር ባለው ቅርጫት እየጣሉ ያልፋሉ፤ ተቃጥሎ አመዱ ነገ በየግንባራቸው ይቀባል።

አንድ የማያውቀው ሰው መጣ። ካፖርቱ ንጹሕ ነው፤ አንዱ ቁልፍ ግን በሌላ ቀለም ክር ተተክሏል፤ መርፌ ያልለመደ እጅ እንደሰፋው ያስታውቃል። በወጥ ቤት ጭስ የጠየመ ዘንባባ ጣለ። ሌላው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለው፣ እጁ ላይ ቀረ።

«እሱስ ወንድሜ? ለፋሲካ ሊያቆዩት ነው?» አለው ፊንታን።

«የእናቴ ነው። አምና ከቅዳሴ በኋላ የምትኖርበት የአረጋውያን መጦሪያ ድረስ ላደርስላት ነበር።»

«እና?»

«ዝናብ ሆነብኝ። ነገ እወስድላታለሁ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ለነገ አልደረሰችም።»

ፊንታን ቅርጫቱን ወደ ሰውየው ገፋ አደረገ። ትልቅ በደል ተናዛዥ አያጣም፤ እንዲህ ያለው ትንሹ ግን ለመናዘዝም ያሳፍራል።

«እንግዲህ ይጣሉት። አመዱ ነገ ግንባርዎ ላይ ይመለሳል።»

«እሱን እኮ ነው የፈራሁት።»

ከኋላው አንዲት ሴት፣ «ጋሼ፣ ለጾም ዋዜማው ፓንኬክ መጥበሻ ጥጄ ነው የመጣሁት፤ ወይ ይጣሉ ወይ ያሳልፉን» አለችው።

አሳለፋት። ከእሷ ኋላ የመጡትንም ሁሉ አሳለፈ። ሰው አልቆ ቅርጫቱ ወደ እሳቱ የሚሄድበት ሰዓት ሲደርስ፣ እሱ ጋዜጣውን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ፊንታን ቅርጫቱን ሊያነሳ ጎንበስ አለና ተወው። አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብሎ ለሰውየው ቦታ ለቀቀለት።