አራተኛው ቁራጭ

ኸድር ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን ወገቡን ነው። ቀበቶው ላይ ዎኪቶኪ ያንጠለጠለ ሰው ካየ፣ መንገድ አቋርጦም ቢሆን ይጠጋና አንቴናውን ይመረምራል። የሓድነት ሰፈር ሰው ለምዶታል፤ የሬዲዮ ጠጋኝ አመል ነው ብለው ይስቁበታል። ሚስቱ ረምላ ብቻ አትስቅም።

ነገሩ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ኸድር ከሐይቅ ከተማ መጥቶ ሓድነት ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ከጀመረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር። አንድ ጠዋት ኣረፋይነ የሚባል ፎርማን ሦስት ዎኪቶኪ ይዞ መጣ። ከከተማው በስተሰሜን ወጣ ብሎ፣ በውቅሮ መንገድ ዳር፣ በድማሚት እየተፈነዳ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ አለ፤ ኣረፋይነ የዚያ አለቃ ነው። እዚያ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ አንዱን ሬዲዮ እሱ ይይዛል፣ አንዱን አስፋልቱ ላይ የሚቆመው ከፋለ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከኮረብታው ጀርባ የእግረኛውን መንገድ የሚጠብቀው በድሩ። በድሩ የረምላ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራውን ያስገኘለትም ኸድር ነበር።

የኣረፋይነ ቅሬታ ስለ አንቴናዎቹ ነበር። ላስቲክ የለበሱ፣ ሲያጎብጧቸው እሺ ብለው የሚለመጡ ናቸው፤ ግን ረዘሙ። መኪና ላይ ሲቀመጡ ብብት ይወጋሉ።

«አሳጥርልን ሓወይ» አለ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ሚስቴ ጎኔን አይታ ማን ነከሰህ አለችኝ።»

ኸድር ስቆ አጭር አንቴና ፈለገ፤ የሚገጥም አጣ። እንግዲያው ይቆረጥ አለ። ዕድሜውን ሙሉ የሽቦ አንቴና ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው፤ ከቀጥ ያለ ሽቦ ላይ ሁለት ጣት ቢነሳ ብዙ እንደማይጎዳ ያውቃል። በላስቲኩ ውስጥ ያለውም ቀጥ ያለ ሽቦ መሰለው። ከሦስቱም ሁለት ሁለት ጣት ቆርጦ ጫፋቸውን በሙጫ ደፈነ። ከሱቁ እስከ ታክሲ መቆሚያው ተራርቀው ሞከሩት፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ። ኣረፋይነ መርቆት ሄደ። ቆሞ ሲያይ የነበረ አንድ መንገደኛም ያንኑ ዓይነት ሬዲዮ ከወገቡ አውጥቶ የራሱን አስቆረጠና ስሙን ሳይናገር ወጣ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ኸድር ለቴፕ እግር የሚሆን ላስቲክ ፈልጎ ከቁራጮቹ አንዱን በምላጭ ላጠው። ውስጡ ያለው ሽቦ ቀጥ ያለ አልነበረም። እንደ ሞላ ጥቅልል ብሎ የተጠመዘዘ ነበር። በወረንጦ ይዞ ሳበው። መጣ፣ መጣ፣ አላልቅ አለ። ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ደረሰ።

ሁለት ጣት የቆረጠ መስሎት አንድ ክንድ ቆርጧል። እንዲህ የተቆረጠ አንቴና ቅርብ ለቅርብ ቢያሰማም ድምፅን ከኮረብታ ጀርባ አያሻግርም።

ወዲያው በድሩ እራት ላይ የነገረው የካባው ልማድ ትዝ አለው። ባትሪ እንዳያልቅ ተስማምተዋል፤ መንገዱ ባዶ ከሆነ ማንም አይናገርም፣ የሚናገረው ሰው ያየ ብቻ ነው። ሬዲዮው ዝም ካለ ድማሚቱ ይለኮሳል። የሚለኮሰው ደግሞ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የግድግዳው ሰዓት ስምንት ተኩል ይላል።

ከርዝመቱ የተነሳ ማንም ያልፈለገው አንድ እንደ አለንጋ የሚወዛወዝ አንቴና ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። እሱን ነጥቆ ባጃጅ ውስጥ ገባ። የመጠምዘዣው ጥርስ ከኣረፋይነ ሬዲዮ ጋር ስለማይገጥም፣ ባጃጁ እያንገጫገጨው መጋጠሚያ አሰረለት። ነጂው ምን ሆነህ ነው ብሎ ሁለቴ ጠየቀው።

ሲደርስ ሠራተኞቹ ከገልባጭ መኪናው ጀርባ ተጠልለዋል። ኣረፋይነ ክብሪት በእጁ ይዞ ወደ ድማሚቱ መለኮሻ ገመድ ጎንበስ ብሏል።

«ፅናሕ፣ ቆይ፣ አትለኩስ» አለ ኸድር።

«ማንም አልተናገረም እኮ። መንገዱ ባዶ ነው።»

«አለመናገሩን በምን አወቅህ?»

ኣረፋይነ ቀና አለ። ኸድር ሬዲዮውን ከወገቡ ነጥቆ ረጅሙን አንቴና ገጠመና መኪናው ላይ ወጥቶ ወደ ላይ ዘረጋው። መጀመሪያ እሽሽታ ብቻ ነበር። ከዚያ ከእሽሽታው ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ሲደጋግም እንደቆየ ሰው የደከመ፣ የበድሩ ድምፅ መጣ። «ሰው አለ… አህያ የሚነዱ… ስድስት ናቸው… አልቆም ብለውኝ አልፈዋል… ሰው አለ…»

ኣረፋይነ ክብሪቱን ኪሱ ከቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

በድሩ ምንም ሳያውቅ ከኮረብታው ወረደ። «ጋሼ ኸድር፣ አንተም መጣህ?» አለ። ቀጥሎ ወደ ኣረፋይነ ዞረ። «ዛሬ እንኳን ጠበቃችሁ። ረቡዕ ልጅ ያዘለች ሴት አለች ብዬ ስጮህ ለኮሳችሁ። ሰምታችሁ ሩቅ ናት ያላችሁ መስሎኝ፣ አዲስ ሰው ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ጫማዋ ተበጥሶ ከቋጥኙ ሥር ባትቀመጥ ኖሮ…»

ማንም ወደ ኸድር አላየም።

በማግሥቱ ሦስቱም አንቴናዎች ተቀየሩ። ኸድር ግን ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ሲደረድር አራት ሆኑበት። የመንገደኛው መልክ ጠፍቶበታል፤ የምን ጠባቂ እንደሆነ፣ ማን እንደሚሰማው አልጠየቀውም ነበር። በየግንባታው፣ በየመጋዘኑ፣ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር ድረስ ዞሮ ፈለገው። አላገኘውም።

አራተኛው ቁራጭ አሁንም ቆርቆሮ ውስጥ አለ። ረምላ፣ ሰውየው ሬዲዮውን ጥሎት ይሆናል ትለዋለች። ይሆናል ይላታል። ግን የሆነ ቦታ አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኖ እየተናገረ ይሆናል፤ የሚሰሙት እየመሰለው።