በላፕቶፓችን የሚጽፈው ማን ነው?

ኮምፒውተር አላምንም። ይህን ስል የማልችልበት መስሎ እንዳይታይብኝ፤ እንጀራዬ ከእሱ ጋር ነው። ባሕር ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ የተማሪ ውጤት ሳስገባና ትራንስክሪፕት ሳወጣ ነው የምውለው። ጠዋት ያስቀመጥሁት ፋይል ከሰዓት በኋላ ሲጠፋ፣ ከሌላ ቢሮ የመጣ ፍላሽ ሲሰካ ፎልደሩ ሁሉ በቫይረስ ሾርትከት ሆኖ ሲቀር ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የራሴን ላፕቶፕ ለቤት የገዛሁ ቀን መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ካሜራው ላይ የቁስል ፕላስተር መለጠፍ ነው።

ቢሮአችን ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ይህ ወሬ ከተነሣ ማብቂያ የለውም። ከፊቴ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ምንም አትፈራም። "እኔን ሰልሎ ምን ያገኛል? የልጆቼን የዩኒፎርም ልክ?" ትላለች። ከኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል እየመጣ አብሮን የሚበላው ሰው ደግሞ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ ካልሆነ በቀር ማንኛውንም ነገር አይነካም። "ዘመድህ ያልሆነ፣ አገርህ የት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ብሮውዘር ሠርቶ በነጻ ሲሰጥህ፣ ለምን ብለህ አትጠይቅም?" ይለኛል። እሱ ይህን ባለ ቁጥር እኔ ቤት ገብቼ ፕላስተሩ አለመላቀቁን አያለሁ።

አባቴ ከሐይቁ ማዶ ባለ አንድ ደብር ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ባለፈው ዓመት ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወስጃቸው ሁለት ሳምንት ተነከሩ። ትንሽ ተሻላቸው፤ ግን ጀልባ ላይ መውጣትና መውረዱ አሁንም ስለከበዳቸው እኛ ቤት ይቀመጡ ተባለ። ባለቤቴ አስተማሪ ናት። እኛ ሥራ ስንውል እሳቸው ብቻቸውን ይውላሉ።

ጭንቅ እንዳይላቸው ብዬ፣ ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉትን፣ በወረቀት ያልሰፈረ ቅኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በላፕቶፑ እጽፍላቸው ጀመር። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ፊደል ስስት ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል።

"ይኼ ሃሌታው ነው። ሐመሩን አምጣ።"

"አባባ፣ ንባቡ እኮ አንድ ነው።"

"ለአንተ አንድ ይሁንልህ። ንጉሡን 'ሠ' አድርገህ ደግሞ እሱን አስተካክል።"

አቀርቅረው ጣቶቼን ያያሉ። እኔ የጻፍሁትን የሚከታተሉ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን "የጻፍኸውን የት ነው የሚያኖረው?" አሉኝ።

"ውስጡ ነው፣ አባባ።"

"ውስጡ የት?"

ላፕቶፑን መታ መታ አደረግሁላቸው። "አላምነውም" ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ። የእሳቸው ልጅ መሆኔ ያን ቀን ገባኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ላፕቶፑ መንቀርፈፍ ጀመረ። እስኪከፈት ቁርስ አቅርበን በልተን እንነሣለን። ባጃጅ ተራው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ሰው አለ፤ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። "ዊንዶውሱ መቀየር አለበት፤ ትተኸው ሂድ" አለኝ። መተዉን አልወደድሁትም። እዚያው ቁጭ ብዬ ልጠብቅ ስለው፣ "ወንድሜ፣ መብራት እንደምታየው ነው፤ ሦስት ቀን ስጠኝ" አለ። ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ስወስደው እንደ አዲስ ይፈጥናል። ግን ብሮውዘሩ እኔ የማውቀው አልነበረም፤ ስከፍተው በማላውቀው ገጽ ይጀምራል፣ ከዳር በኩል ማስታወቂያ ይንጫጫል። ይህ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው "ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ነው" አለኝ። መልሱ አልተዋጠልኝም።

ወር ያህል ቆይቶ፣ ጓሮ ላይ ሽንኩርት ልንተክል ተነሣን። ቆጋ መስኖ ላይ የሚያመርት ዘመዳችን ችግኝ ሊልክልን ቃል ገብቶ ስለነበር፣ በስንት ጣት ርቀት እንደሚተከል ለማየት ብሮውዘሩን ከፈትሁ። "ሽን" ብዬ እንደጻፍሁ ከሥር ሦስት መስመር ዘረገፈልኝ። ሦስቱም ሽንኩርት አይሉም። ሽንት ይላሉ። ደም የተቀላቀለበት ሽንት። ለሐኪም ሳይነግሩ ይድናል ወይ የሚል አለበት።

እጄን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ። እኔ አልጻፍሁትም። ባለቤቴን ጠራኋት።

"ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

ጎንበስ ብላ አነበበች፤ ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል። "ታመህ ነው የደበቅኸኝ?"

"እኔ አይደለሁም እያልሁሽ!"

"ታዲያ ማን ነው? ላፕቶፑ ራሱ ነው የታመመው?"

ሁለት ቀን በጎን ስታየኝ ሰነበተች። መጸዳጃ ቤት ስገባና ስወጣ ሰዓት የምትይዝ ይመስለኝ ነበር። እኔም እሷን እጠረጥር ጀመር፤ ደብቃኝ ይሆን እያልሁ ውሃ ስትጠጣ ሁሉ አያታለሁ። አባቴን ግን አልጠየቅኋቸውም። ይህን ማሽን ይከፍታሉ ብሎ ማሰብ ለእኔ መጠጥ ቤት ውስጥ ቢራ ሲጠጡ አገኛቸዋለሁ ብሎ እንደማሰብ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የሊኑክሱን ሰው አማከርሁት። "የሠራልህ ሰው የራሱን አካውንት ብሮውዘሩ ላይ ትቶት ይሆናላ! እሱ እዚያ የሚፈልገው አንተ ዘንድ ይመጣል፤ አንተ የምትፈልገው እሱ ዘንድ ይሄዳል" አለኝ። ደሜ ፈላ። የቤቴን ሁሉ አንድ የማላውቀው ሰው ሲያነብ ታየኝ። ከሥራ ወጥቼ ቀጥ ብዬ ወደ ባጃጅ ተራው ሄድሁ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰዎች ቆመዋል።

"ላፕቶፔ አንተ ዘንድ ሦስት ቀን ሲያድር ምን አደረግኸው?"

"ዊንዶውስ ቀየርሁልሃ።"

"የራስህን አካውንት ከፍተህ እየሰለልኸኝ ነው። የሚያምህንም ነገር እኔ ቤት ነው የምታነበው።"

ሰዎቹ ዞረው አዩት። ጆሮው ቀላ። "ወንድሜ፣ እኔ ምንም አላመመኝም" አለ፣ ድምፁን ሳይጨምር። "ከጠረጠርህ አምጣና አብረን እንየው።" ድጋሚ እጅህ ላይ አይገባም ብዬ ወጣሁ። አንደኛው ደንበኛ የራሱን ኮምፒውተር ከጠረጴዛው ላይ ሲያነሣ በመስታወቱ አየሁት። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለመናገር ያሳፍራል።

ያን ቀን ማታውን ላፕቶፑ ላይ የይለፍ ቃል አደረግሁበት። ባለቤቴም አታውቀው ነበር። ከዚያ በኋላ በሽን የሚጀምር አዲስ ነገር አልመጣም። በየቀኑ እሞክራለሁ፤ የለም። ጥርጣሬዬ ልክ ሆነ፣ ሰውየውን ከቤቴ ቆለፍሁበት ብዬ ተዝናናሁ።

በዚያው ሰሞን አባቴ ዝም አሉ። ራታቸውን ቆንጥረው ይተዉታል። ቅዳሜ ቅኔ እንጻፍ ስላቸው ደከመኝ ይላሉ። አንድ ምሽት ላፕቶፑን በአገጫቸው እያሳዩ "ያ ነገር ተበላሸ እንዴ?" አሉኝ።

"የለም አባባ፤ ቁልፍ አድርጌበት ነው።"

"ማን እንዳይገባ?"

"ሌባ እንዳይገባ ነዋ።"

ቀና ብለው አዩኝና ወደ መኝታቸው ገቡ።

የሊኑክሱ ሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት መጣ። ዊንዶውሱን ነቅሎ ሊኑክስ ሊጭንልኝ ነው። አባቴ ግቢ ውስጥ ከማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። ሁሉንም ከማጥፋቱ በፊት "እስቲ ሰውዬህ ምን ሲፈልግ እንደከረመ እንይ" ብሎ የብሮውዘሩን ታሪክ ከፈተው። የሌላ ሰው አካውንት ፈለገ፤ የለም። ዝርዝሩን ወደ ታች ሳበው። ሁሉም የተጻፈው በሥራ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የተጻፈውም እዚሁ ላፕቶፕ ላይ ነው።

"እንግዳ ሰው ነው" አለ። "ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ አራት ነጥብ የሚያደርግ አይቼ አላውቅም።"

ጠጋ አልሁ። እውነትም እያንዳንዱ ጥያቄ አራት ነጥብ አለው። "ይህ ሕመም ለሞት ያደርሳልን።" "ሐኪም ሥጋን ሳይቀድ መዳን ይቻላልን።" "የሽማግሌ ሰው ሽንት ደም ሲቀላቅል መድኀኒቱ ምንድን ነው።" ሐመሩ 'ሐ' በቦታው ነው። ንጉሡ 'ሠ' በቦታው ነው። መድኀኒት የሚለውን በብዙኃኑ 'ኀ' የሚጽፍ ሰው በዚህ ቤት ቀርቶ በመንደሩ አንድ ብቻ ነው።

የሊኑክሱን ሰው "ዛሬ ይቅር" አልሁት። አልጠየቀኝም፤ ቦርሳውን ይዞ ሄደ።

ማንጎው ሥር ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

"አባባ፣ ቁልፎቹን እንዴት ለዩዋቸው?"

ገባቸው። ከኪሳቸው አንዲት የታጠፈች ወረቀት አወጡ። የቁልፎቹን ቅርጽ እንዳለ ሥለው ከጎኑ ፊደሉን ጽፈዋል። "ይህን ሁሉ ቅኔ በቃሌ የያዝሁ ሰው ሠላሳ ቁልፍ ያቅተኛል? ጣትህን እያየሁ ያዝሁት" አሉ።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ይህ ለልጅ ይነገራል? ለምራቴስ በምን አፌ? ሐኪሙም ዘንድ ብሄድ የልጅ ልጄን የሚያህል ነው። ያ ነገር ግን ፊት የለውም፤ አያፍርብህም፣ አታፍረውም።"

ካሜራው ላይ ስለለጠፍሁት ፕላስተር ልነግራቸው ነበር፤ ተውሁት።

"እና ምን አለዎት?"

"ምን ይለኛል! አንዱ ጠጠር ነው ይላል። አንዱ ካንሰር ነው ይላል። አንዱ ውሃ ጠጣና ተኛ ይላል። አንድ ቃል የለውም። ማን እንደሚናገር ሳላውቅ ሳነብ ከረምሁ። ኋላ ስትቆልፍብኝ ደግሞ የመጨረሻውን መልስ ሳላይ ቀረሁ።" ወደ ሐይቁ በኩል ዞሩ። "ሌባ ስትል ያወቅኸኝ መስሎኝ ነበር።"

እጃቸውን ያዝሁ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኋቸው። ባለቤቴም ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ መጣች፤ እሳቸው ግን ከሐኪሙ ጋር እስኪጨርሱ ውጭ እንድትቆይ ለመኗት። ምርመራው ቀናት ወሰደ። በእነዚያ ቀናት እኔም እንደ እሳቸው ብሮውዘሩን እየከፈትሁ አነብ ነበር፤ ያነበብሁትን ሁሉ ሳልተማመንበት እፈራው ነበር። የፊኛ ጠጠር ሆነ። አወጡላቸው። ሐኪሙ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ኩላሊታቸውን ይጎዳው ነበር ሲለኝ፣ አባቴን ሳልጠይቅ የይለፍ ቃል ካደረግሁበት ቀን ወዲህ ያለውን መቁጠር ያዝሁ። ስንት ቀን አስዘገየኋቸው? አሁንም ቆጥሬው አልጨርስም።

አባቴ ተሽሏቸው ከተነሡ በኋላ ሌላ ሥራ ቀረኝ፤ ጠጋኙን ይቅርታ መጠየቅ። ሦስት ጊዜ በሱቁ በር አልፌ በአራተኛው ገባሁ። ብቻውን ነበር፤ አንድ ኮምፒውተር ፈትቶ በብሩሽ አቧራውን እየጠረገ ነው፤ ከጎኑ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ፍላሾች ተደርድረዋል። ሁሉንም ነገርሁት። ብሩሹን ይዞ ሰማኝ።

"አባትህ ዳኑ?" አለ።

"ዳኑ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"በቃ፤ ይኸው ነው።" ሁለት ደንበኞች በእኔ ምክንያት እንደቀሩበት ግን ሳይነግረኝ አላለፈም። አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ለማጽናናት ይመስለኛል፣ "እኔ እኮ የሰው ነገር አልነካም። ና ላሳይህ" ብሎ የራሱን ኮምፒውተር አዞረልኝ። ስክሪኑ ላይ ረድፍ ረድፍ የሰው ስም የተጻፈባቸው ፎልደሮች አሉ። የእኔም አለ። ከፈተው። የሠርጌ ፎቶ፣ የባለቤቴ የትምህርት ማስረጃ፣ የአባቴ ቅኔ፣ አንድም ሳይቀር።

"ዊንዶውስ ስቀይር ይጠፋል ብዬ እገለብጠዋለሁ። አንዳንዱ ሰው ኋላ 'ፋይሌን አጠፋኸው' ብሎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ እሰጠዋለሁ" አለ፣ ደስ እያለው።

ይቅርታ ልጠይቀው የመጣሁት ሰው ነው። ቀስ ብዬ፣ እንዳይከፋው አድርጌ፣ "የእኔን አጥፋልኝ" አልሁት። ምንም ሳይቀየም እዚያው ፊቴ አጠፋው። የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረገው። "አየህ? የለም።"

"የለም" አልሁ።

ጨበጥሁትና ወጣሁ። ባጃጁ ውስጥ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው ከጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሦስት ፍላሾች ትዝ ያሉኝ። ቅጂው እነሱም ላይ ይኖር ይሆን ብዬ ተመልሼ ልጠይቀው ፈለግሁ፤ ሁለተኛ ያን ሰው መጠርጠር ግን አቃተኝ። ለሾፌሩ ሂድ አልሁት።